ስሜን ሁለቴ ጠራች

ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን የሚያልፍ አንድ ቆራሌው አለ። ፊቱን አላውቀውም። መስኮቴ ወደ ጓሮ ስለሆነ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ ይመጣል፣ ከግቢያችን ጥግ ሲደርስ ይጎላል፣ ከዚያ ወደ ታችኛው መንገድ ይወርዳል። «ቆራሌውውው!» ይላል። ትንሽ ዝም ይላል። ደግሞ «ቆራሌውውው!»

ጥሪው ሲጀመር «ቆርቆሮ ያለው» ነበር። ቆርቆሮ ያለህ ሰው አምጣ፣ እገዛሃለሁ ማለት ነው። ግን በቀን ስንት መቶ ጊዜ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከስንት ሰው አፍ ወጣ? ሲደጋገም ተላጠ። «ቆርቆሮ ያለው» ሄዶ ሄዶ «ቆራሌው» ሆነ። ዛሬ ሰውየውንም ቆራሌው እንለዋለን፣ ሥራውንም ቆራሌው እንለዋለን። አሮጌ ጫማ ስንሰጠው ቆርቆሮ ትዝ የሚለን የለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የነበረ ነገር በአንድ ቃል ቀርቶ በየሰፈሩ ይዞራል።

ይሄን የማነሳው ላለፉት ጥቂት ዓመታት ስድ ግጥም ለመጻፍ ስለምታገል ነው። በስንኝ ያልተቆረጠ፣ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ ግን ሲነበብ ግጥም የሚሆን ጽሑፍ። ስንኝ ከሌለው፣ ቤት ካልመታ፣ ግጥም የሚያደርገው ምንድነው? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱን መጽሐፍ ላይ ከመፈለጌ በፊት በመስኮቴ ስር ሲያልፍ ነበር። ድግግሞሽ ቃሉን ይልጠዋል። ትርጉሙ ይሳሳል፣ ድምፁ ይወፍራል። ጆሮ የሚይዘው ያንን ነው።

ስያሜው ራሱ ደስ ይለኛል። «ግጥም» ከ«ገጠመ» ነው። ክዳን ድስቱን ሲገጥም፣ በር መቃኑን ሲገጥም እንደምንለው። ሁለት ነገር መጥቶ ልክክ ሲል። ግጥም ያልሆነውን ጽሑፍ ደግሞ «ዝርው» እንላለን። ግዕዙ «ዘረወ» ማለት በተነ ነው። ሌላው ስሙ «ስድ ንባብ» ነው። ስድ ማለት የተለቀቀ፣ ልጓም የሌለው። ልጅ ሲባልግም ስድ ይባላል። እንግዲህ ስድ ግጥም ስንል የተለቀቀውንና የገጠመውን ባንድ አፍ እየጠራን ነው። ተበትኖ የሚገጥም ነገር። እኔ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁለትም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ስለ አያቴ ነበር። እማማ ነበር የምንላት። ያሳደገችኝ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ የነጋው ሁሉ የሚጀምረው በእሷ ድምፅ ነበር። እንዲህ ጻፍኩ፦

«እማማ በጠዋት ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ነጠላዋን ለበሰች። ደጁን ከፈተች። ሰማዩን አየች። ስሜን ጠራች።»

ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። ሲነበብ ይመታል። ች፣ ች፣ ች እያለ ይወርዳል። ግጥም ሆነ ብዬ አመንኩ። ጥቂት ሆነን እሁድ ከሰዓት የምንሰበሰብበት ቤት ነበር፣ ይዤው ሄድኩና አነበብኩት። ከመሃላችን አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ስጨርስ ትንሽ ቆዩ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጆሮዬ ቀደመህ።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አራተኛው በምን እንደሚያልቅ አወቅሁ። አምስተኛውንም አወቅሁ። ካወቅሁት ምን ብዬ እሰማሃለሁ?»

ቤቴ ሄጄ ወረቀቱን ዘረጋሁት። እውነታቸውን ነው። ደግሞም ያ «ች» የኔ ሥራ አልነበረም። አማርኛ በነፃ የሰጠኝ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ቋንቋ ችግርም ጸጋም ያለው እዚህ ይመስለኛል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ግሱ ደግሞ ባለቤቱን በጭራው ይዞ ይመጣል። ስለ አንዲት ሴት ያለፈ ታሪክ ከተናገርክ ዓረፍተ ነገርህ ሁሉ በ«ች» ይዘጋል። ስለ ራስህ ከሆነ በ«ኩ» ወይም በ«ሁ»። ስለ ብዙ ሰዎች ከሆነ «ወጡ፣ ገቡ፣ በሉ፣ ተኙ» ነው። የእድር ቃለ ጉባኤ እንኳን ጮክ ብለህ ብታነበው ቤት ይመታል።

ፈረንሳዮቹ ይሄ ችግር አልነበረባቸውም። የነሱ ችግር ሌላ ነበር። ሻርል ቦድሌር ስድ ግጥሞቹን ሲጽፍ የሚያልመው ያለ ምጣኔና ያለ ቤት መምታት ሙዚቃ ያለው ጽሑፍ እንደነበር በመቅድሙ ተናግሯል። ግጥሞቹ ተሰብስበው የታተሙት እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ስንኙን ሲተው ቤት መምታቱ አብሮ ይቀርለታል። እኛ ግን ስንኙን ብንተወውም ቤት መምታቱ አይተወንም። በበሩ ስናስወጣው በግሱ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ አማርኛ ላይ ስድ ግጥም የሚጽፍ ሰው ድምፅ ከየት ላምጣ ብሎ አይጨነቅም። ጭንቀቱ ይሄን ሳይጠሩት የሚመጣ ድምፅ የት ላድርገው ነው።

እኔ ያገኘሁት መንገድ ድምፁን ከጭራው ወደ ራሱ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ሙከራዬ እንዲህ ሆነ፦

«እማማ በጠዋት። ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ገና ጭስ ሳይወጣ፣ ገና እኔ ሳልነቃ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ደጁን ገርበብ አድርጋ፣ ስሜን። ሁለቴ። አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለሞተው ወንድሟ።»

መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ። አሁን «ገና» የምትለዋን ተመልከቷት። ሦስት ጊዜ ትመጣለች። የመጀመሪያዋ መረጃ ነው፣ ሰዓቱን ትነግራለች። ሁለተኛዋ ላይ ጆሮ ይነቃል፣ ሥርዓት እንዳለ ያውቃል። ሦስተኛዋ ላይ ጆሮ ሌላ የደጅ ነገር ይጠብቃል፤ ወፍ፣ ጭስ፣ ምናልባት ዶሮ። «እኔ» ይመጣበታል። ጆሮው ቀደመ፣ ግን ሲደርስ ያገኘው ያሰበውን አይደለም። ልጁ ከወፉና ከጭሱ ጋር አንድ ተራ ውስጥ ገብቷል። ለእማማ ጠዋት ማለት እነዚህ ሦስቱ ሲነቁ ነው። ይሄን በማብራሪያ ልጽፈው እችል ነበር። ድግግሞሹ ግን ያለ ማብራሪያ ሠራው።

ዋናውን ግስም አስቀረሁት። «ጠራች» የለም። «ስሜን» ላይ ቆመ። አማርኛ አንባቢ ግስ ይጠብቃል፤ ግሱ ሲቀር አየር ላይ ይንጠለጠላል። በዚያች ክፍት ቦታ ጥሪው ራሱ ይሰማል።

የድግግሞሽ ነገር ሲነሳ የታክሲ ረዳቶች ትዝ ይሉኛል። «መገናኛ፣ መገናኛ፣ መገናኛ፣ መገናኛ» ሲል አራተኛው ላይ የቦታ ስም መሆኑ ያበቃል። ምት ነው። ሰው እየተሳሳቀ፣ ስልክ እያወራ ያልፈዋል። ድንገት «አንድ ሰው!» ይላል። ያኔ ሁሉም ዞር ይላል፣ የሚሮጥ ይሮጣል። «አንድ ሰው» የሚለው ቃል የተለየ ጉልበት የለውም። ጉልበቱን የሰጡት ከፊቱ የተደረደሩት መገናኛዎች ናቸው። ስጽፍ ይሄን ሁሌ አስባለሁ። የምደግመው ምን ልቀይር ብዬ ነው? የምቀይረው ነገር ከሌለኝ ባልደግም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አማርኛ ራሱ ደጋሚ ቋንቋ ነው። ሰዋስው ስንማር ያለፍነው ነገር ነው፣ ግን ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። ሰበረ እንላለን፤ ብዙ ከሆነ ሰባበረ። ቆረጠ፣ ቆራረጠ። ትልቅ፣ ትላልቅ። ረጅም፣ ረጃጅም። ነገሩ ሲበዛ ቃሉም በውስጡ ይደገማል። የድምፅ ቃሎቻችንማ ሌላ ዓለም ናቸው። ውሃ ጠብ ይላል። ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ይንጠባጠባል። በር ኳ ይላል፣ ኳ ኳ ይላል፣ ይንኳኳል። አንድ ሰው በሌላው ጆሮ ሾክ ይላል፤ ሁለት ሲሆኑ ይንሾካሾካሉ። ብልጭ ያለው ሲደጋገም ይብለጨለጫል። ግሱን ስትሰነጥቀው ውስጡ አንድ ትንሽ ድምፅ ሁለቴ ተቀምጦ ታገኛለህ።

ይሄን ሳውቅ ሰከርኩበት። አንድ ሰሞን የጻፍኩት ሁሉ እንደዚህ ነበር፦ «ዝናቡ ተንጠባጠበ፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ቅጠሉ ተንሾካሾከ፣ መብረቁ ተብለጨለጨ።» ዛሬ ሳነበው ጆሮዬን ያመኛል። እያንዳንዱ ግስ ለብቻው ሙዚቃ ነው፣ አራቱ አብረው ግን ጫጫታ ናቸው። አንዱ ሌላውን አያሰማም። በኋላ አራቱንም ትቼ ወደ ሥሩ ወረድኩ።

«ከጣራው ጠብ። ቆይቶ፣ ጠብ። እማማ ሳፋውን አስጠጋች። ኳ።»

ስለ ዝናብ እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ። ጣራው እንደሚያፈስ ማንም አልተናገረም። ድሃ ነበርን የሚልም የለም። የሁለት «ጠብ» ድምፅ ብቻ ወደ «ኳ» ተቀየረ። «ቆይቶ» የምትለዋም ሥራ አላት። ድግግሞሽ በመሃሉ ያለውን ዝምታ ጭምር ነው። ቆራሌውም ቢሆን ዝም ባይል ኖሮ አልሰማውም ነበር።

ሌላው ወጥመድ ምጣኔ ነው። የአማርኛ ጆሮ በየወል ቤት የተገራ ነው። በአንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ምት፣ ስድስት ብሎ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ስድስት። ዘፈኑም፣ ፉከራውም፣ የትምህርት ቤት ግጥሙም በብዛት በዚህ ይረግጣል። ስለዚህ እጃችን ሳናውቀው ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲህ ጽፌ አገኘሁት፦ «ከተራራው ማዶ ጭሱ ሲትጎለጎል ልቤ ቀድሞኝ ሮጠ እግሬ ዳገት ፈራ።» ቁጠሩት። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። ሁለት ስንኝ ነው፣ እኔ አጣብቄው እንጂ። አንባቢ ይሄን ሲያነብ ከንፈሩ ይወዛወዛል፣ ሐሳቡ ግን ይተኛል። ምቱ ተሸክሞት ይሄዳልና። አፈረስኩት፦ «ከተራራው ማዶ ጭስ አየሁ። ልቤ ሮጠ። እግሬ ግን ዳገቱን ያውቃል።» አሁን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በራሱ እግር ይቆማል። «ግን» የምትባል ትንሽ ቃልም ገባች። ለምጣኔው ስል ረስቻት የነበረች ቃል ናት። ሐሳቡን የያዘችው ግን እሷ ነበረች።

ስንኝ ሳይኖረው በድግግሞሽ ብቻ የቆመ ጽሑፍ ማየት የፈለገ ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ መክብብ ምዕራፍ 3ን ያንብብ። ሁላችንም በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም ሰምተነዋል። ዝርዝሩ «ለመወለድ ጊዜ አለው፥ ለመሞትም ጊዜ አለው» ብሎ ይጀምራል። ከቁጥር 2 እስከ ቁጥር 8፣ በሰባት ቁጥር ውስጥ «ጊዜ አለው» 28 ጊዜ ይመጣል። ይሄን ያህል የተደገመ ነገር ሊሰለች ይገባ ነበር። ለምን አይሰለችም?

ብዙ ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። አንደኛ፣ ጭራው አይንቀሳቀስም፣ ራሱ ግን አያርፍም። መትከል፣ መንቀል፣ ማፍረስ፣ መሥራት፣ ማልቀስ፣ መሳቅ። ጆሮ መጨረሻውን ስለሚያውቀው ትኩረቱን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ያዞራል። ጋሼ «ጆሮዬ ቀደመህ» ያሉኝ ነገር እዚህ ጥቅም ሆነ። ጭራው ከታወቀ አይሸፍንም። የኔ «ች» የታወቀች ሆና ራሱም የሚጠበቅ ነበር። ተነሳች፣ ታጠበች፣ ለበሰች፤ ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል? መክብብ ላይ ግን ከመግደል ቀጥሎ መፈወስ ይመጣል።

ሁለተኛውን ነገር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ከ28ቱ 26ቱ ግስ ናቸው። በ«ለመ» ወይም በ«ለማ» ይገባሉ። ለመቅደድ፣ ለመስፋት፣ ዝም ለማለት፣ ለመናገር፣ ለመውደድ፣ ለመጥላት። ለመ፣ ለመ፣ ለመ እያለ እንደ እርምጃ ይሄዳል። መጨረሻው ጥንድ ላይ ሲደርስ «ለጦርነት ጊዜ አለው፥ ለሰላምም ጊዜ አለው» ይላል። «ለመዋጋት» አላለም። እርምጃው ተቋረጠ። ግሱ ቀርቶ ስም መጣ። አንድ ሰው ሲሄድ ሲሄድ ቆይቶ ደጃፍ ላይ እንደ መቆም ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያው ከመወለድ ወደ መሞት ነበር፤ ከመልካሙ ወደ ክፉው። መጨረሻው ከጦርነት ወደ ሰላም ሆነ። 26 ጊዜ ያለመደንን ነገር በ27ኛው ይለውጠዋል። ከዚያ «ሰላም» ላይ ዝም ይላል። ያን ቃል እንደዚያ እንድንሰማው ሲል ነው ያን ሁሉ የደገመው ብዬ አምናለሁ።

እማማ መክብብን ማንበብ አትችልም ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ግን እኔ ወደ ከተማ ለትምህርት ስሄድ ደጃፍ ላይ ቆማ የመረቀችኝ ምርቃት እስካሁን ከማውቀው ጽሑፍ ሁሉ በላይ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ወጥተህ ግባ። ዘርተህ ቃም። ወልደህ ሳም። ከክፉ ይሰውርህ። ከደግ ያገናኝህ።» እኛም አሜን፣ አሜን እንላለን። ይሄ የሷ ፈጠራ አይደለም፣ የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ቢሆንም ስሙት። ዘርተህ ቃም። ወልደህ ሳም። ሁለት ሁለት ቃል። መጀመሪያው ይሠራል፣ ሁለተኛው ያርፋል። ሁለቱም በ«ም» ከንፈር ይዘጋሉ፤ እህል ስትቅምም ልጅ ስትስምም ከንፈርህ የሚያደርገውን ያደርጋሉ። የሰው ሙሉ ዕድሜ በአራት ቃል። በመሃል ያለችው አሜን ደግሞ የአድማጭ ናት። ምርቃት ብቻውን አይሄድም፣ ድግግሞሹን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው።

እሷ ስታርፍ አክስቴ ያለቀሰችውንም አልረሳም። ዜማ አልነበረውም። ድምጿ ደክሞ ስለነበር ማውራት ነው የሚመስለው። አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣ ወሬ ትነግራት ነበር። «እማዬ፣ ላሟ ወልዳለች። እማዬ፣ በሩን ሠርተውታል፣ አሁን ይዘጋል። እማዬ፣ ገብሱ ደርሷል። እማዬ፣ ልጅሽ ከአዲስ አበባ መጥቷል።» እያንዳንዱ «እማዬ» ላይ ትንሽ ትጠብቃለች። መልስ የሚመጣ ይመስል። በአምስተኛው ወይ በስድስተኛው «እማዬ» አለችና ወሬ አጣች። ዝም አለች። ቤቱ ያኔ ነው በልቅሶ የተናወጠው። ማንም ሙሾ አላወረደም፣ ማንም ግጥም አልገጠመም። አንድ ቃል ተደጋግማ መጥታ፣ ከኋላዋ የሚከተላት ነገር ጠፋ።

አሁን ወደዚያ ጥሪ ልመለስ።

እማማ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት። በወጣትነቱ ነው የሞተው። እኔ ስወለድ የሱን ስም አወጣችልኝ። ጠዋት ስትጠራኝ ሁለቴ ነበር የምትጠራው። አንዱ ጥሪ ከፍ ያለ ነው፣ ተነስ የሚል። ሌላው ዝቅ ይላል። ልጅ ሆኜ ሁለቱም የኔ ይመስሉኝ ነበር። ሁለቴ «አቤት!» እላለሁ። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ይሄን በጽሑፍ እንዴት አድርጌ ላሰማ? ፊደላችን ብዙ ነገር ይችላል፣ ይሄን ግን አይዝም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን እንኳን አይለይም። «ሰው አለ አለ» ብዬ ብጽፍ፣ የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፣ መኖር ነው። ሁለተኛው ይላላል፣ መናገር ነው። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። አንባቢው የሚለያቸው ከቦታቸው ነው። የእማማ ሁለት ጥሪም እንደዚያ ነበር። ሁለቱም ያው ፊደል፣ ያው ስም። የተለየው ትንፋሹ ነው፣ ትንፋሽ ደግሞ አይጻፍም።

ለዚህ ነው በሁለተኛው ሙከራዬ «አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለሞተው ወንድሟ» ብዬ የጻፍኩት። ለአንባቢው አስረዳሁት። ጋሼ ሲሰሙት እስከ «ሁለቴ» ድረስ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር። እዚያች ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ምንም አላሉኝም። ግን ገባኝ። «ሁለቴ» ካልኩ በኋላ አንባቢው ለምን ሁለቴ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን አላስጠየቅሁትም፣ ቀደምኩት።

ያንን ዓረፍተ ነገር ለመሰረዝ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። ስሰርዘው ወንድሟን ደግሜ የምቀብረው ይመስለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ላይ፣ ቀደም ብሎ፣ ስሙ ከማን እንደመጣ በአንድ ተራ ዓረፍተ ነገር አስገባሁትና ተውኩት። ጠዋቱንም ተውኩት። ወደ መጨረሻ ጊዜዋ ሄድኩ። ታማ ተኝታ፣ ዓይኗ አያይም፣ እኔ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ። የደረሰውን እንደ ደረሰ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ያው ዓረፍተ ነገር፣ በመሃሉ የደጅ ድምፅ። ጮክ ብዬ በስልኬ ቀዳሁት፣ ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

«ስሜን ጠራች። አቤት አልኩ። ውጭ ጥጃው ገመዱን ይጎትታል። ስሜን ጠራች። ዝም አልኩ።»